ማረፊያው የት ነው? ሙዚቃን በሁለተኛ ደረጃ ጠልቆ ስለማጥናት

ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት። እነዚህን አምስት ድምፆች (ፍላት ማለት በአንድ ቁልፍ ወደ ታች የወረደ ነው) በኪቦርድ ተጫውታችሁ አንድን የ11ኛ ክፍል ተማሪ «ምን ቅኝት ነው?» ብትሉት፣ ቅኝቶቹን በቃሉ የያዘ ከሆነ «አምባሰል» ይላችኋል። ልክ ነው። አሁን እነዚያኑ አምስት ድምፆች ከፋ ጀምራችሁ ፋ ላይ አሳርፏቸው፦ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ ፍላት። ይህ አምባሰል አይደለም፤ በፋ የተቃኘ ትዝታ ማይነር ነው። አንድም ድምፅ አልተጨመረም፣ አንድም አልተቀነሰም። የተለወጠው ዜማው ዞሮ ዞሮ የሚያርፍበት ቦታ ብቻ ነው።

ሙዚቃን እንደ ከባድ ትምህርት ማጥናት የሚጀምረው ከዚህች ልዩነት ነው ብዬ አምናለሁ። የሚዘፍን ልጅ ሞልቷል፤ ኪቦርድ የሚነካም እንደዚያው። ማረፊያውን ሰምቶ የሚለይና ለምን እዚያ እንዳረፈ በወረቀት ላይ የሚያሳይ ግን ጥቂት ነው።

በእንግሊዝ አገር ከ16 እስከ 18 ዓመት ያሉ ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ሦስት የትምህርት ዓይነት ብቻ መርጠው ሁለት ዓመት ያጠናሉ። ኤ ሌቨል የሚሉት ይህንን ነው። ሙዚቃም ከሒሳብና ከፊዚክስ ጎን ቆሞ ሊመረጥ ይችላል። ከውጤቱ 40 በመቶ የሚያዘው አዳምጦ መተንተን ነው፤ ቀሪው 60 በመጫወትና በመድረስ ይከፈላል። ለመጫወቱ ክፍል የሚጠየቀው፣ እንደ ፈታኙ ተቋምና እንደ ምርጫው፣ ከ6 እስከ 12 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። እኛ ዘንድ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውስጥ ሙዚቃ ስለሌለ፣ ሐዋሳ ላይ ይህን ትምህርት የሚሻ ልጅ ከፊዚክሱ ወይም ከታሪኩ በተረፈች ሰዓት ራሱን ማስተማር አለበት። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ወዳለው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ለመግባት የሚያስብም፣ ለራሱ ደስታ የሚማርም ከዚያ ክፍፍል አንድ ነገር ቢወስድ ይጠቅመዋል፦ መስማት፣ መጫወት፣ መድረስ፤ ከሦስቱ ትልቁ ድርሻ የመስማት ነው። የእኛ ልጆች ጊዜያቸውን ሁሉ ለመጫወት ይሰጣሉ። ከዚያ አንድ ቀን «ይህን ዜማ ሰምተህ ጻፍ» ሲባሉ ብዕሩ እጃቸው ላይ ይቀራል።

የሐዋሳ ልጅ ጆሮ ግን ባዶ አይደለም። በከተማው መሐል በገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ጸናጽልና ከበሮ ይሰማል፤ በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ኳየሮች በብዙ ድምፅ ይለማመዳሉ፤ በ2015 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በዩኔስኮ የተመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጨምባላላ ሲደርስ ቄጣላው (የበዓሉ ጭፈራ) የበዓሉን አደባባይ ጉዱማሌን ይሞላዋል። በሐይቁ ዳር የሚደረግ ሠርግ ሁሉ ትዝታና ባቲ ያመጣል። ለጥናት የሚሆነው ጥሬ ዕቃ እጅግ ሀብታም ነው። የሚጎድለው ስም መስጠትና መለካት ነው።

ልኬቱን በግማሽ ድምፅ እንጀምር። በኪቦርድ ላይ ከአንድ ቁልፍ ወደ ቀጣዩ ቁልፍ፣ ጥቁርም ይሁን ነጭ፣ አንድ ግማሽ ድምፅ ነው። ቅኝትን ለመለየት ከማረፊያው ወደ ላይ ያለችውን የመጀመሪያዋን እርምጃ ብቻ አድምጡ። እርምጃዋ ሁለት ግማሽ ድምፅ ከሆነች ትዝታ ነው። አንድ ግማሽ ድምፅ ብቻ ከሆነች አምባሰል ወይም አንቺሆዬ ነው። ዘለል ካለች፣ ማለትም ሦስት ወይም አራት ግማሽ ድምፅ ከሆነች፣ ባቲ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ የቀረውን ይለያል። ትዝታ ላይ ቀጣዩ እርምጃ ሁለት ግማሽ ድምፅ ሲሆን ሜጀር፣ አንድ ሲሆን ማይነር ነው። ባቲ ላይ ዝላዩ አራት ሲሆን ሜጀር፣ ሦስት ሲሆን ማይነር። አምባሰልን ከአንቺሆዬ ለመለየት ከማረፊያው በላይ ንጹሕ አምስተኛ (ዶ ላይ ሶል) ይገኝ እንደሆነ ዝም ብሎ ማንጎራጎር ይበቃል፤ አምባሰል አለው፣ አንቺሆዬ የለውም። የአንቺሆዬ ድምፆች ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ናቸውና ሶሉ ወርዷል። ብዙ ጀማሪ አንቺሆዬን ሲዘፍን መሐል ላይ ወደ አምባሰል የሚንሸራተተው ጉሮሮው ያንን ንጹሕ አምስተኛ ስለሚፈልግ ነው።

እዚህ ላይ በጣም የተለመደው ስሕተት የዜማውን የመጀመሪያ ድምፅ ማረፊያ አድርጎ መውሰድ ነው። የእኛ ዜማ ከየትም ሊነሳ ይችላል። የሚታየው የስንኙ መጨረሻ ነው፤ ዘፋኙ ትንፋሹን የሚጨርስበት፣ መሰንቆው ወይም ክራሩ ከግጥሙ በኋላ ተመልሶ የሚቀመጥበት። ባቲ ማይነርና ትዝታ ሜጀርም እንደ አምባሰልና ትዝታ ማይነር በድምፅ አንድ ናቸው፦ በዶ የተቃኘ ባቲ ማይነር (ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ፍላት) ያሉት ድምፆች በሚ ፍላት ከተቃኘ ትዝታ ሜጀር ጋር አንድ ናቸው። የባቲና የትዝታ ዓይነቶች አሰያየም ከአስተማሪ አስተማሪ ሊለያይ ስለሚችል ስሙን ከመሸምደድ ርቀቱን መቁጠር ይሻላል።

አሁን ስለ «ሲ» ልናገር፤ ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን ወራት ታስባክናለች። በሶልፌጅ፣ ማለትም በዶ ሬ ሚ አጠራር፣ «ሲ» ከዶ በታች ያለችው ድምፅ ናት። የኳየር ኪቦርዲስት «ሲ ኮርድ ያዝ» (ኮርድ አብረው የሚሰሙ ድምፆች ናቸው) ሲል ግን የሚለው የፈረንጁን ፊደል ነው፣ ያም ዶ ነው። ሁለቱን ሳይለይ ከትምህርት ቤትም ከኳየርም የሚማር ልጅ ማስታወሻው ሁሉ ይተረማመስበታል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ድምፅ ሲጻፍ በዶ ሬ ሚ ብቻ፣ ኮርድ ሲጻፍ በላቲኑ ፊደል ብቻ፤ በአፍ ሲነገር ደግሞ «ሲ ኮርድ» እና «ሲ ድምፅ» ብሎ ሙሉውን መጥራት።

ኪቦርድን ካነሳን፣ ትራንስፖዝ የምትባለው፣ የኪቦርዱን ድምፅ ሁሉ ከፍና ዝቅ የምታደርገው ቁልፍ ለተማሪ ትልቅ ጠንቅ ናት። ዘማሪዋ ድምፅ ከፍ ሲልባት ቁልፉን ሁለት ጊዜ ተጭኖ ሁሉንም በዶ መጫወት ለአምልኮ ፕሮግራም ይመቻል፤ ማንም አይከለክለውም። ለጥናት ግን ዓይን ዶ እያየ ጆሮ ሌላ ድምፅ ይሰማል፤ ከስድስት ወር በኋላ ጣቶቹ አንድ ሰፈር ብቻ የሚያውቁ ይሆናሉ። በጥናት ሰዓት ቁልፉ ዜሮ ላይ ይቀመጥ። አንድ የምታውቁትን የትዝታ ዜማ በዶ፣ ከዚያ በሶል፣ ከዚያ በፋ፣ ከዚያ በሬ ተጫወቱ፤ ለእያንዳንዱ አንድ ሳምንት ስጡት። በአራተኛው ሳምንት ዜማው ከቁልፎቹ ተላቆ ራሱን የቻለ ቅርጽ ሆኖ ጭንቅላት ውስጥ ይቀመጣል።

ክራር ላለው ደግሞ ከሁሉ የበለጠው የጆሮ ትምህርት መቃኘቱ ራሱ ነው። ቃኝቶ ሰጪ ሰው ወይም የስልክ መቃኛ ላይ የተንጠለጠለ ተማሪ ዋናውን ትምህርት አጣ ማለት ነው። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ዶን ለድምፃችሁ በሚመች ከፍታ አኑሩ፤ ስድስተኛ አውታር ካለ ከሱ ጋር በኦክታቭ (ያው ድምፅ በላይኛው ወይም በታችኛው ከፍታ) አስማሙት። ከዶ ወደ ላይ አምስተኛውን ሶል ፈልጉ፤ ሁለቱ አብረው ሲመቱ የሚርገበገበው ድምፅ ጸጥ እስኪል ድረስ አጥብቁ ወይም አላሉ። ከሶል ወደ ታች በአራተኛ ርቀት (አምስት ግማሽ ድምፅ) ሬን፣ ከሬ ወደ ላይ በአምስተኛ ላን፣ ከላ ወደ ታች በአራተኛ ሚን አግኙ። ትዝታ ሜጀር ያለ ምንም መሣሪያ ተቃኘ። ከዚያ በስልኩ መቃኛ ብትለኩት ሚ ከፍ ብላ ታገኟታላችሁ፤ አንድ ግማሽ ድምፅ በ100 ቢከፈል 8 ያህል ትበልጣለች። ጆሯችሁ አልተሳሳተም። በንጹሕ አምስተኛ የተገኘች ሚና በኪቦርድ እኩል የተከፈለች ሚ በተፈጥሯቸው አይገናኙም። ለብቻ ስትጫወቱ የጆሮውን፣ ከኪቦርድ ጋር ስትጫወቱ የመቃኛውን ተከተሉ።

ከትዝታ ሜጀር ወደ ሌሎቹ የሚኬድበትን መንገድ አንድ ጊዜ መጻፍ ይጠቅማል፣ ምክንያቱም ቅኝቶቹ ዝምድና እንዳላቸው በእጅ ይዳሰሳል። ሚንና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ስታደርጉ ትዝታ ማይነር ይሆናል። ሬ፣ ሚና ላ ሦስቱም በግማሽ ድምፅ ከፍ ሲሉ ባቲ ማይነር። ሬና ላ በግማሽ ወርደው ሚ በግማሽ ሲወጣ አምባሰል። ሬና ሶል በግማሽ ወርደው ሚ በግማሽ ሲወጣ አንቺሆዬ፤ ላ አይነካም። ለባቲ ሜጀር ሬና ላ እያንዳንዳቸው ሁለት ግማሽ ድምፅ ይወጣሉ፣ ሚ አንድ። ዶ ሁሌም ባለበት ነው።

እዚህ ላይ የሚያበላሸው ቆዳው ነው። ሦስት አውታር ስትነኩ ቆዳውና ቀንበሩ የሚሸከሙት ጭነት ስለሚለወጥ፣ ያልነካችኋቸው ሁለቱም ትንሽ ይሸሻሉ። ስለዚህ አንድ ዙር ቃኝቶ መጫወት መጀመር የለም፤ ሁለት ዙር ነው። ከሐይቁ የሚመጣው እርጥበት ቆዳውን ሲያላላው ድምፁ ሁሉ ይወርዳል፤ የቀትር ፀሐይ ሲያደርቀው ይወጣል። ክራሩን ከመስኮት ሥር ያስቀመጠ ሰው በየቀኑ ከዜሮ ይቃኛል። ከግድግዳ ራቅ አድርጎ በጨርቅ ሸፍኖ መስቀል ይሻላል። አዲስ አውታር የተገጠመ እንደሆነ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ተለጥጦ እስኪጨርስ አይረጋም፤ ከፈተና በፊት ባለው ሳምንት አውታር አይቀየርም።

ሰምቶ መጻፍ ብዙዎች የሚፈሩት ክፍል ነው፤ የሚከብደውም ሁሉን በአንዴ ለመያዝ ስለሚሞከር ነው። ስምንት ባር (ባር በመስመር የተከፈለ የምት ክፍል ነው) ያለው አጭር ዜማ አራት ጊዜ አድምጡ። በመጀመሪያው ብዕር አይነሳ፤ ማረፊያውን አንጎራጉሩ፣ እግራችሁ ስንት ጊዜ እንደሚመታ ቁጠሩ። በሁለተኛው ምቱን ብቻ፣ ድምፅ ሳታስቡ፣ በአጫጭር ጭረት ጻፉ። በሦስተኛው የየባሩን የመጀመሪያና የመጨረሻ ድምፅ ብቻ ያዙ። በአራተኛው መሐሉን ሙሉ። ከዘፈን ቅጂ የምትለማመዱ ከሆነ ዩቲዩብ ላይ ፍጥነቱን ወደ 0.75 ማውረድ ትችላላችሁ፤ ከፍታው አይለወጥም።

ምት ላይ ችክችካን እንደ ቫልስ በሦስት አራተኛ የሚጽፍ ተማሪ ብዙ ነው። ምክንያቱም አለው፦ በአንዱ ዙር ውስጥ ያሉት ስድስት አጫጭር ምቶች በሁለት ሁለት ሲከፋፈሉ ሦስት፣ በሦስት ሦስት ሲከፋፈሉ ሁለት ይሆናሉ፣ ከበሮውና ጭብጨባውም ሁለቱን ያጫውታቸዋል። እግርን ተከተሉ። እግሩ በዙሩ ሁለት ጊዜ ከረገጠ ስድስት ስምንተኛ ነው። በሜትሮኖም (ምት በሚቆጥረው መሣሪያ) ስትለማመዱም የሜትሮኖሙን ምት ለእግሩ እንጂ ለስድስቱ አትስጡ፤ በስድስቱ ከሆነ ጨዋታው ይደርቃል፣ እስክስታ የሚያስመታው መወዛወዝ ይጠፋል።

ኖታ ሲጻፍ አምባሰል አንድ ችግር ያመጣል። ላ ፍላትና ሬ ፍላት ስላሉት ተማሪው በመስመሩ መጀመሪያ አራት ፍላት ይደረድራል፤ አንባቢው ደግሞ ያንን ሲያይ ፋ ማይነር ብሎ ፋ ላይ ማረፊያ ይጠብቃል። እኔ የምመርጠው በዜማው ውስጥ ያሉትን ሁለቱን ብቻ ፍላት አድርጎ ከላይ «አምባሰል በዶ» ብሎ መጻፍ ነው። አምስቱ መስመሮች ለእኛ ቅኝት የተሠሩ አይደሉምና ቃል ቢጨመርባቸው ነውር የለውም። የዜማ ሊቃውንቱም ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት የሚሏቸውን ምልክቶች የሚጽፉት ከቃሉ በላይ ነው፤ ምልክቱ አስቀድሞ በቃል የተያዘውን ዜማ ያስታውሳል እንጂ ለማያውቀው ሰው ከፍታውን ለክቶ አይሰጥም። ደብተራው ድጓውን የሚያዜመው ጆሮው ቀድሞ ስለተማረ ነው።

መድረስ ላይ ስንመጣ የማረፊያው ጥያቄ ይበልጥ ይጠነክራል። ኪቦርድ የሚያውቅ ተማሪ የአምባሰል ዜማ ደርሶ ኮርድ ሊያስገባለት ይቀመጣል። ከአምባሰል አምስት ድምፆች የሚሠሩት ባለ ሦስት ድምፅ ኮርዶች ሁለት ብቻ ናቸው፦ የፋ ማይነር (ፋ፣ ላ ፍላት፣ ዶ) እና የሬ ፍላት ሜጀር (ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ላ ፍላት)። ማረፊያው ዶ ግን የራሱ ኮርድ የለውም፤ ሚም ሚ ፍላትም በቅኝቱ ውስጥ የሉምና። ተማሪው ስለዚህ ዜማው ዶ ላይ ሲያርፍ ፋ ማይነርን ያስቀምጣል፤ ዶ በውስጡ አለና ይስማማል። በዚያች ቅጽበት ጆሮ ቤቱን ፋ ላይ ያደርጋል፣ አምባሰሉም ትዝታ ማይነር ይሆናል። ደራሲው ቅኝቱ ለምን «እንደጠፋበት» አይገባውም፤ አንድም የተሳሳተ ድምፅ አልተጫወተምና። ሌላው መንገድ ዶ ላይ ሜጀር ኮርድ መጫን ነው፤ ያ ደግሞ ሚን ከውጭ አስገብቶ ቀለሙን ያፈርሰዋል።

የሚሠራው መንገድ በግራ እጅ ዶንና ሶልን እንደ በገና ይዞ መቆየት ነው። ከላይ የሬ ፍላቱ ኮርድ ቢመጣም ባሱ ዶ ላይ ይቆይ፤ በማረፊያው ላይ ዶ፣ ፋ፣ ሶል አብረው ይሰሙ፣ ከዚያ ፋ ትውጣና ዶና ሶል ባዶውን ይቅሩ። ባዶው አምስተኛ ለአምባሰል ድህነት አይደለም፤ ማንነቱ ነው። ትዝታ ሜጀር ላይም ሙሉ በሙሉ ከቅኝቱ የሚወጡት ኮርዶች ዶ ሜጀርና ላ ማይነር ብቻ ናቸው። ሌላ ኮርድ አይግባ አልልም። ሲገባ እንግዳ ድምፅ እንደመጣ አውቆ ማስገባት ነው። ሙላቱ አስታጥቄ ባለ አምስት ድምፁን ቅኝት ከጃዝ ኮርድ ጋር ሲያጋጥም የሠራው ትልቅ ሥራ ዜማውን ሳይነካ ከሥሩ የሚመጣውን መምረጥ ነበር። እሱም በ1950ዎቹ መጨረሻ (በፈረንጆች) ምሕንድስና እንዲማር ዌልስ ተልኮ፣ ሙዚቃን መንገዱ ያደረገው እዚያ ሊንዲስፋርን በሚባል ትምህርት ቤት ሳለ ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ ዕድሜ እንዲህ ያለ ነገር የሚወሰንበት ዕድሜ ነው።

ብዙ ድምፅ በአንድ ላይ ማስኬድን ለመማር ተማሪው በቀጥታ ወደ ጀርመናዊው ደራሲ ባህ ኮራል፣ ባለ አራት ድምፅ መዝሙር፣ ቢላክ አልቃወምም፤ ትይዩ አምስተኛና ትይዩ ኦክታቭ (ሁለት ድምፆች ያንኑ ርቀት ጠብቀው አብረው መሄዳቸው) ለምን እንደሚከለከሉ መማር ጆሮን ይስላል። ግን ደቡብ ላይ ሆኖ የዶርዜን አዘፋፈን ሳያደምጡ ወደዚያ መሄድ ያሳዝነኛል። የየራሱን መስመር የያዙ ድምፆች ያለ ኮርድ መጽሐፍ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው እንዴት እንደሚቆሙ እዚያ ይሰማል። የሦስት ደቂቃ ቅጂ ወስዶ አንዱን ድምፅ ብቻ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መከተል፣ በማግስቱ ሌላውን፣ ለአንድ ሳምንት በቂ ሥራ ነው።

ለግጥም ዜማ ሲሠራ መጥበቅና መላላት ይጠበቅ። «ገና» ላልቶ «ጊዜው አልደረሰም» ነው፣ ጠብቆ በዓሉ ነው። የሚጠብቀውን ድምፅ የሚቀድመው ቀለም አጭር ኖታ ላይ ከወደቀ ዘፋኙ ማጥበቂያ ጊዜ ያጣና ትርጉሙ ይለወጣል። የወል ቤት ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም ስላለው ሁለት የስድስት ስምንተኛ ባር ላይ ልክ ይገጥማል፤ ልክ በመግጠሙም ትንፋሽ አይተርፍም። ስለዚህ ከስድስተኛው ቀለም በኋላ አንድ ባር መሣሪያው ብቻውን ይጫወት፣ ወይም ስድስተኛው ቀለም ይለጠጥ። ሲቆጠርም ፊደሉ ሳይሆን የሚሰማው ቀለም ነው የሚቆጠረው፤ ሳድስ ፊደላት ብዙ ጊዜ ከጎናቸው ካለው ጋር ይዋጣሉ። ለመጀመሪያው ድርሰት 16 ባር፣ አንድ ቅኝት፣ ከአንድ ኦክታቭና አራተኛ ያልበለጠ ስፋት በቂ ነው።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ትምህርቱ በፈረቃ ለሆነ ተማሪ በቀን 75 ደቂቃ፣ በሳምንት ስድስት ቀን ሊገኝ ይችላል። ሃያ ደቂቃ ለጆሮ፣ አሥር ደቂቃ ያላዩትን ኖታ በቀስታ ሳያቆሙ ማንበብ፣ ሠላሳ ደቂቃ ለመሣሪያ፣ አሥራ አምስት ለመጻፍና ለመድረስ። የጆሮው መጀመሪያ ይሁን፤ ከደከሙ በኋላ የሚደረግ የጆሮ ልምምድ ግምት ማስለመድ ነው። ኖታ ንባብ ላይ ስሕተት ሲፈጠር ወደ ኋላ መመለስ የለም፤ ምቱ ይቀጥል፣ የጎደለው ይጉደል። መብራት በሚጠፋበት ምሽት ኪቦርዱ ይቆማል፣ የጆሮው ክፍል ግን ምንም አያጣም።

የፈተናው ወይም የኮንሰርቱ ወር ሲደርስ የተመረጠው ሥራ በየሁለት ቀኑ አንድ ጊዜ፣ ያለማቋረጥ፣ በስልክ ይቀረጽ። ወዲያው አይደመጥ፤ ጣቶች ገና ሙቅ ሳሉ ጆሮ ያዳላል። በማግስቱ ጠዋት ኖታውን ይዞ ማዳመጥና ሦስት ቦታ ብቻ በእርሳስ ማክበብ፤ ከሦስት በላይ ከተከበበ የትኛውም አይታረምም። አንደኛው ክብ ሁልጊዜ የስንኙ መጨረሻ ላይ ይሁን፣ ዜማው ወደ ማረፊያው በሚወርድባት በመጨረሻዋ ባር ላይ፤ አብዛኛው ተማሪ የሚቸኩለው እዚያ ነውና።